ሞተሩ የቆመ ሄሊኮፕተር እንዴት ያርፋል? ስለ ወሰንና ስለ እንጦጦ ከፍታ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ሳለ ሞተሩ ቢቆም እንደ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ነው። አይሮፕላን ክንፍ ስላለው ሞተሩ ቢጠፋም እየተንሳፈፈ ሊወርድ ይችላል፤ ሄሊኮፕተር ግን የሚደግፈው ነገር የለውም ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሄሊኮፕተርም ክንፍ አለው፤ ልዩነቱ ክንፉ የሚዞር መሆኑ ብቻ ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ክንፉ መዞሩን እስካላቋረጠ ድረስ አስተማሪውና ተማሪው በደኅና መሬት ሊረግጡ ይችላሉ። ስለዚህም የሄሊኮፕተር ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ወራት ሞተር የቆመ አስመስሎ መውረድን ይለማመዳል።

ነገር ግን በዚህ ልምምድ ውስጥ አንድ ሊመረመር የሚገባው ነገር አለ። አር-22 የተባለውን፥ በብዙ አገር ለትምህርት የሚያገለግለውን ትንሽ ሄሊኮፕተር የሚሠራው የአሜሪካው የሮቢንሰን ኩባንያ ካወጣቸው የጥንቃቄ ማስታወቂያዎች አንዱ፥ የሞተር መቆም እምብዛም የማይደርስ ሆኖ ሳለ ለእርሱ ሲባል በሚደረገው ልምምድ በየዓመቱ ብዙ ሄሊኮፕተሮች እንደሚሰበሩ ይናገራል። ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። ሆኖም ልምምዱን መተው አይቻልም፤ ያልተለማመደ ሰው እውነተኛው ቀን ሲመጣበት ለማሰብ ጊዜ አያገኝምና።

ጉዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በአንድነት ባካሄዱት የካርታ ሥራ ቀያሾችን ወደ ተራራ ራስ ያደረሷቸው ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። በ1985ም በረሃቡ ዘመን የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች በእርዳታው ሥራ ተካፍለዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መንገድ በማይደርስበት ደጋ ሄሊኮፕተር እስካስፈለገ ድረስ፥ በደጋ ላይ ሞተር ቢቆም ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅም ያስፈልጋል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ቦታ ወሰን ነው። ወሰን በየካ ክፍለ ከተማ፥ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። የበረራ ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ ግን አይደለም። የመረጥነው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ከፍታው ብዙ ነው፤ ቤቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከበስተኋላውም ተራራ አለ። ስሙም ለነገራችን የተመቸ ነው፤ ይህ ትምህርት ከዳር እስከ ዳር የወሰን ትምህርት ነውና።

፩. ክንፉ ያለ ሞተር የሚዞርበት ምክንያት

ይህ አወራረድ አውቶሮቴሽን ይባላል፤ በራስ መዞር ማለት ነው። መሠረቱን የጣለው ሁዋን ዴ ላ ሲየርቫ የተባለ የስፔን መሐንዲስ ነበር። በ1919 ያቀደው ትልቅ አይሮፕላን በዝግታ ሲበር አየሩ ክንፉን ለቅቆት ስለ ወደቀ፥ ፍጥነት ቢጎድለውም የማይወድቅ ክንፍ መፈለግ ጀመረ። በጥር ወር 1923 በማድሪድ አጠገብ በጌታፌ ሜዳ አውቶጃይሮ የተባለው መሣሪያው በረረ። የአውቶጃይሮው የላይ ክንፍ በበረራ ጊዜ በሞተር አይዞርም ነበር፤ የሚያዞረው የሚገጥመው አየር ብቻ ነበር። ከዚያም በግንቦት 1937 በጀርመን አገር ፎከ-ቩልፍ 61 የተባለው ሄሊኮፕተር ሞተሩ ጠፍቶ በዚሁ መንገድ በደኅና አረፈ።

አሠራሩን ለመረዳት በወንዝ ዳር የሚተከለውን የውሃ ወፍጮ ማሰብ ይበቃል። በወፍጮው ውሃው ይወርዳል፥ ድንጋዩም ይዞራል። በሄሊኮፕተር ግን አየሩ በቦታው እንዳለ ሄሊኮፕተሩ ራሱ በአየሩ ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ በክንፉ መካከል የሚያልፈው አየርም ክንፉን ያዞረዋል። የሚያዞረው ጉልበት የሚገኘው ከከፍታው ነው። ስለዚህ ከፍታ ማለት ለሞተር አልባ ሄሊኮፕተር በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ እየተበላ ይሄዳል እንጂ አይጨመርበትም።

ሞተሩ ሲቆም ክንፉን ይዞ እንዳያስቆመው በሁለቱ መካከል አንድ መፍቻ አለ። ቢስክሌት ነጂ እግሩን ቢያሳርፍ የኋላው ጎማ መሽከርከሩን እንደማይተው ሁሉ፥ የሄሊኮፕተሩም ክንፍ ከቆመው ሞተር ተለይቶ ለብቻው ይዞራል። የጅራቱ ትንሽ ክንፍ ከዋናው ክንፍ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እርሱም አብሮ ይዞራል፤ አብራሪውም በእግሩ አቅጣጫውን መጠበቅ ይችላል።

፪. የእጅ ፈተና

አብራሪው በግራ እጁ የሚይዘው ኮሌክቲቭ የሚባል ዘንግ አለ። ዘንጉ ወደ ላይ ሲሳብ የክንፎቹ ሁሉ መዓዘን ባንድ ጊዜ ይጨምራል፥ ሄሊኮፕተሩም ይነሣል። ወደ ታች ሲወርድ መዓዘኑ ይቀንሳል፥ ሄሊኮፕተሩም ዝቅ ይላል። ሞተር በቆመ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ዘንግ ወዲያውኑ ወደ ታች ማውረድ ነው።

የዚህን ምክንያት ከእንዝርት መማር ይቻላል። ጥጥ የሚፈትሉ እናቶቻችን እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሽከርክረው ይለቁታል። እጅ ከለቀቀው በኋላ እንዝርቱ በተቀበለው ግፊት ይዞራል፤ ሆኖም የሚዞረው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ አንድ ነገር ቢነካው ደግሞ ቶሎ ይዝላል። የሄሊኮፕተርም ክንፍ እንዲሁ ነው። መዓዘኑ ትልቅ እንደ ሆነ ከቆየ አየሩ ይይዘውና ዙሩ ይደክማል። እንደ አር-22 ያለ ቀላል ክንፍ ባለው ሄሊኮፕተር ይህ የሚሆነው ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

የክንፍ የመሸከም ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከእርሱ ይልቅ ይፈጥናል። ዙሩ ከመቶ ወደ 80 ቢወርድ፥ በዚያው መዓዘን የሚሸከመው ኃይል ወደ 64 ከመቶ ይወርዳል። ዙሩ ይበልጥ ሲደክም አየሩ ክንፉን ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉን ማውረድም አያድንም። የሮቢንሰን ኩባንያ ይህን አደገኛ ወሰን በቁጥር አስቀምጦታል፤ ከሙሉው ዙር 80 ከመቶ ሆኖ፥ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ፥ ማለት ለ305 ሜትር፥ አንድ ከመቶ ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ የሰው ተፈጥሮ ራሱ ተቃዋሚ ሆኖ ይቆማል። መሬት ወደ እርሱ ሲመጣ የሚያይ ሰው እጁ ሳያዘው ዘንጉን ወደ ላይ ይስባል፤ መነሣት የለመደው በዚያ ነውና። ነገር ግን ያ መሳብ የቀረውን ዙር በልቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የልምምዱ ዋና ፍሬ እጅን ከተፈጥሮው በተቃራኒ ማስተማር ነው፤ እየወደቀ ያለ ሰው ይበልጥ ለመውረድ እንዲፈቅድ ማድረግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አብራሪው ፍጥነቱን ጠብቆ ይወርዳል። ከመሬት 12 ሜትር ያህል ሲቀረው አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ የፊት ፍጥነቱንና የአወራረዱን ኃይል ይገታል፤ በዚህም ጊዜ የክንፉ ዙር ጥቂት ይጨምራል። በመጨረሻ ሄሊኮፕተሩን አስተካክሎ፥ በክንፉ ውስጥ የተጠራቀመውን ግፊት ዘንጉን በመሳብ ያወጣውና ቀስ ብሎ ያርፋል። ይህ ግፊት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመነዘር ገንዘብ ነው። ቀድሞ የመነዘረው ሰው መሬት ላይ ሲደርስ ባዶ እጁን ይሆናል፤ ዘግይቶ የመነዘረውም ሳይጠቀምበት መሬት ይቀድመዋል።

፫. የአየሩ መሳሳት

እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም አገር ያው ነው። አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ወሰን ከቦሌ ከፍ ይላል፤ እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀትም ሲጨምር እንደዚሁ ይሳሳል።

ይህን በቁጥር ለማየት የሚከተለውን ስሌት አድርገናል። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት ያለውን የአየር ክብደት መቶ ብንለው፥ 1,160 ሜትር በሆነችው በድሬዳዋ በ32 ዲግሪ 82 ያህል ይሆናል፤ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነው በቢሾፍቱ በ25 ዲግሪ 77 ያህል፤ በቦሌ በ22 ዲግሪ 74 ያህል፤ በእንጦጦ ራስ በ15 ዲግሪ 67 ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር በቦሌ ሞቅ ባለ ቀን ሄሊኮፕተሩ የሚሰማው ከፍታ 2,330 ሜትር ሳይሆን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ በእንጦጦም 3,900 ሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ አራት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፥ ከላይ የጠቀስነው የዙር ወሰን ከፍ ይላል። በባሕር ወለል 80 ከመቶ የነበረው፥ በቦሌ ከፍታ ብቻ ቢሰላ 88 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ተማሪው ሊሳሳትበት የሚችለው ስፋት ከ20 ወደ 12 ይጠብባል ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውና እውነተኛው ፍጥነት ይለያያሉ። መለኪያው በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ፥ በቦሌ አየር ሄሊኮፕተሩ በእውነት የሚሄደው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አወራረዱም በዚያው መጠን ይፈጥናል። ስለዚህ አፍንጫውን ሲያነሣ ሊያቆመው የሚገባው ግስጋሴ ትልቅ ነው፤ የሚያቆምበት አየር ግን የሳሳ ነው።

ሦስተኛ፥ ዘንጉ እስከ መጨረሻ ከወረደ ክንፉ በሳሳው አየር ውስጥ ከመጠን በላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ዙሩ እንዳይደክም ብቻ ሳይሆን እንዳይበዛም ዘንጉን በጥቂቱ እያነሣ መጠበቅ አለበት።

አራተኛ፥ ማጠናከሪያ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ሄሊኮፕተሩን በአንድ ቦታ አንሳፍፎ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ይጨምራል። ይህ አራተኛው ነገር ሞተር በእውነት ለቆመበት ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚለማመደው ሰው ግን ከሁሉ የከፋ መሆኑን ኋላ እናያለን።

የሳሳ አየር ብቻውን አውቶሮቴሽንን እንደማይከለክል የሚያሳይ ታላቅ ምስክር አለ። በሰኔ 21 ቀን 1972 ፈረንሳዊው ዣን ቡሌ በላማ ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ወጥቶ የዓለምን የከፍታ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያ ቅዝቃዜ ኃይሉን ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ፤ እንደገናም አልተነሣም። ቡሌ ያን ሁሉ ከፍታ ያለ ሞተር ወርዶ በደኅና አረፈ። ነገር ግን እርሱ በላይ ሆኖ የሚመነዝረው 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ያረፈውም በዝቅተኛ ስፍራ፥ በወፍራም አየር ውስጥ ነው። በወሰን ላይ የሚበር ተማሪ ሁለቱም የሉትም፤ ከፍታው ጥቂት ነው፥ መሬቱም ራሱ በሳሳው አየር ውስጥ ነው።

፬. በወሰን ላይ ቢሆንስ?

ትንሽ የትምህርት ሄሊኮፕተር ከወሰን ጣሪያዎች በላይ በ300 ሜትር ላይ ሳለ ሞተሩ ቆመ እንበል። መሬት እስኪደርስ ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ነፋስ ለመዞር ቢገደድ ከዚህም ያንሳል።

በዚህ ክልል ውስጥ ምን አለ? ከሰሜን በኩል ተዳፋቱን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለከተማይቱ ማገዶና ሳንቃ እንዲሆን የገባ ነው፤ ለሄሊኮፕተር ግን ቁመቱና ቀጥ ያለው ግንዱ ማረፊያ የሚነሣ ነው። ከደቡብ በኩል ቤት፥ ፎቅ፥ መንገድና የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ገመድ ከላይ ለሚመጣ ሰው የሚታየው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ምሰሶው ግን ቀድሞ ይታያልና ተማሪ ምሰሶን መፈለግ ይማራል። በመካከሉ ከተራራው የሚወርዱ ሸለቆዎች አሉ፤ ጎናቸው ተዳፋት ስለሆነ የነካቸው ሄሊኮፕተር ይገለበጣል።

ሜዳ የሚገኘው ራቅ ብሎ ነው። በምሥራቅ በደሴ መንገድ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል፥ ከእንጦጦም ባሻገር በሱሉልታ ሰፊ ሜዳ አለ። ሆኖም ሜዳ ሁሉ ማረፊያ አይደለም። በክረምት መረሬው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የሚያርፍ ሄሊኮፕተር እግሩ ከተቀበረበት አፍንጫው ይደፋል። እህሉ ከተነሣ በኋላ በበጋ ግን ያው መሬት ደርቆ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜም ስንጥቁን ማየት ያስፈልጋል።

ነፋሱም አንድ ነገር ይጨምራል። ነፋስ ተራራን ተሻግሮ ሲወርድ ከተራራው ጀርባ ያለውን አየር ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። በዚያ ውስጥ የገባ ሞተር አልባ ሄሊኮፕተር የአወራረዱ ፍጥነት ላይ የነፋሱ አወራረድ ይደመርበታል፤ ሠላሳው ሴኮንድም ያጥራል።

በአውሮፕላን መጻሕፍት ውስጥ የከፍታና የፍጥነት ሥዕል የሚባል አለ። ሥዕሉ ዝቅ ብሎ በዝግታ መብረር አደገኛ የሆነበትንና ሊርቁት የሚገባውን ክልል ያሳያል፤ በዚያ ክልል ሞተር ቢቆም ለመንደርደር ፍጥነት የለም፥ ፍጥነት ለማግኘትም ከፍታ የለም። አየሩ ሲሳሳና ጭነቱ ሲበዛ ይህ ክልል ይሰፋል። በባሕር ዳርቻ አገር ደኅና የሆነ አበራረር በወሰን ላይ ከአደገኛው ክልል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

፭. ልምምዱ ስለ ምን ይሰብራል?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በልምምድ ጊዜ አስተማሪው የነዳጅ መስጫውን ይቀንሳል እንጂ ሞተሩን አያጠፋም። ተማሪው ይወርዳል፤ አፍንጫውን ያነሣል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ መሬት ሳይነካ ነዳጁ እንደገና ይሰጥና ሄሊኮፕተሩ በሞተር ይንሳፈፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ አሠራር ሞተሩ ሞቷል እያለ፥ በመጨረሻው ሴኮንድ ግን በዚያው ሞተር ይታመናል።

በደጋ አገር ይህ እምነት በሁለት መንገድ ሊከዳ ይችላል። አንደኛው የኃይል ማነስ ነው። በቆላ ተማሪው ቢያጠፋ አስተማሪው በሞተሩ ኃይል ያቃናዋል፤ በዚህ ከፍታ ግን የሚያቃናበት ትርፍ ኃይል ጥቂት ነው፥ አንዳንዴም የለም። ሁለተኛው በረዶ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር፥ አየሩ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን፥ በተለይም ነዳጁ ተቀንሶ በሚወርድበት ጊዜ፥ በካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይጋገርበታል። ለዚህ ደግሞ የአዲስ አበባ ክረምት የተመቸ ነው። የካርቡሬተሩ ማሞቂያ ካልተከፈተ ለማስመሰል የተቀነሰው ሞተር በእውነት ሊጠፋ ይችላል።

የሮቢንሰን ማስታወቂያ ለአስተማሪዎች አንድ ወሰን ያስቀምጣል። ከመሬት 100 ጫማ፥ ማለት 30 ሜትር ሲቀር፥ የክንፉ ዙር፥ ፍጥነቱና አወራረዱ ልክ ካልሆኑ አስተማሪው ሳያመነታ ልምምዱን አቋርጦ በሞተር ይነሣ ይላል። ቀጥሎም አየሩ የ4,000 ጫማ፥ ማለት የ1,200 ሜትር ያህል ከሳሳ፥ ይህ ወሰን ወደ 200 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ይበል ይላል። ልምምዱም ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ በተከታታይ እንዳይደረግ ይመክራል፤ ብዙው አደጋ የሚደርሰው ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ፥ አስተማሪውና ተማሪው ሲደክሙ ነውና።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። መጽሐፉ እንደ ልዩ ሁኔታ የሚቆጥረው 1,200 ሜትር ለእኛ ቆላ ነው። ድሬዳዋ እንኳ በሞቃት ቀን ከዚህ ያልፋል፤ ቢሾፍቱ፥ ቦሌና ወሰን ደግሞ በቀዝቃዛ ማለዳም ከዚህ በላይ ናቸው። ለሌላው ልዩ የሆነው ሁኔታ ለደጋው ኢትዮጵያ የዘወትር ሁኔታ ነው። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈውን የትምህርት መጽሐፍ እንዳለ ተቀብሎ በእንጦጦ ሥር ማስተማር ተማሪውን በሌላ አገር አየር እንደ መመዘን ይቆጠራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሐሳብ እንዲህ ነው። በሞተር መቆም ልምምድ ተማሪውን የሚያድነው የእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት የተቆረጠው ወሰን ጭምር ነው።

ስለዚህም በደጋ የሚደረግ ልምምድ ማለዳ፥ አየሩ ሳይሞቅ፥ ጭነቱም ቀሎ ቢደረግ ይሻላል። ተማሪው በተቻለ መጠን እጁን አስቀድሞ በበረራ ማስመሰያ መሣሪያና ዝቅ ባለ ስፍራ ቢያለማምድ ይጠቀማል። የማቋረጫው ወሰን 60 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፥ ገና በመሬት ላይ ሳሉ በአስተማሪውና በተማሪው መካከል ይወሰን። ከሁሉም በላይ ልምምዱ የሚደረገው፥ ሞተሩ ተመልሶ ባይመጣ በእርግጥ ሊያርፉበት ከሚችሉበት ሜዳ ላይ ብቻ ይሁን። ይህ መለኪያ ሲቀርብበት ወሰን፥ ጣሪያውና ባሕር ዛፉ እያለ፥ ለልምምድ የማይሆን ስፍራ መሆኑ ግልጽ ነው።

በወሰን ላይ ማለፍ የግድ የሚሆንበት አብራሪም፥ ሞተሩ ደኅና እየሠራ ሳለ፥ በየደቂቃው «አሁን ቢቆም የት አርፋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ያጣበት ደቂቃ ከፍ ማለት ወይም መንገዱን መለወጥ የሚገባው ደቂቃ ነው።